ላላ ወይስ መጠንከሩን ተወ? ከልክ በላይ ስላጠበቅኩት አንድ ብሎን

በክረምቱ መውጫ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በግቢያችን ውስጥ የገዛ መኪናዬን ሞተር ከፍቼ ስሠራ፣ ከእርሳስ የቀጠነ አንድ ብሎን እጄ ላይ ላላ። ላላ ስል ወደ ኋላ ፈታሁት ማለቴ አይደለም፤ እያጠበቅኩት ሳለ፣ በየዙሩ እየጠነከረ መምጣት ሲገባው፣ ድንገት ቁልፉ እንደ ሊጥ ውስጥ ያለ እንጨት ያለ ምንም ለውጥ ይዞር ጀመር። እጄን አነሣሁ፤ ቁልፉን መሬት ላይ አስቀመጥኩ፤ ከዚያ በኋላ የነበረውን ግማሽ ቀንና ሙሉ ሌሊት ያሳለፍኩት አንድ ጥያቄ እያመነዠክሁ ነው፤ «ምን አበላሸሁ?» መኪናቸውን ራሳቸው የሚጠግኑ ሰዎች ሁሉ ይህ ጥያቄ አንድ ቀን ስለሚገጥማቸው፣ እኔ በምን መንገድ መልስ እንዳገኘሁለት በዝርዝር መጻፉን መረጥኩ።

መኪናዬ 1ኤንዜድ-ኤፍኢ የሚባለውን ባለ 1.5 ሊትር ሞተር የያዘች ቶዮታ ያሪስ ናት። ከጥቂት ወራት ጀምሮ መንገድ ላይ ስቆም የተቃጠለ ዘይት ሽታ በአየር ማስገቢያው በኩል ይመጣብኝ ነበር፤ ኮፈኑን ከፍቼ ስመለከትም በቫልቭ ክዳኑ ዙሪያ አቧራ የጠጣ ጥቁር ዘይት ወርዶ አየሁ። ይህ የሚሆነው በክዳኑና በቴስታታው (ክዳኑ በላዩ በሚያርፍበት የሞተሩ አልሙኒየም ራስ) መካከል ያለው የጎማ ጓርኒሲዮን (ዘይት የሚያግድ ማሸጊያ) በሙቀት ብዛት ደርቆ እንደ ፕላስቲክ ሲሆን ነው። ሥራው ከባድ አይደለም። ዘይትና የአየር ማጣሪያ፣ እንዲሁም አንድ ጊዜ ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን)፣ ያለ ችግር በራሴ ቀይሬ ስለነበር ይህንንም ለሰው አልሰጥም ብዬ ወሰንኩ። ገንዘቡ አንድ ምክንያት ነው፤ ዋናው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ የራስን መኪና ራስ መሥራት ደስ ስለሚል ነው።

መፍታቱ በሰላም አለቀ። በካንዴላዎቹ ላይ የተቀመጡትን አራት ኮይሎች አወጣሁ፣ የአየር ቱቦዎቹን ነቀልኩ፣ ክዳኑን ዙሪያውን የያዙትን ባለ 10 ቁጥር ብሎኖችና ዳዶዎች ፈትቼ በካርቶን ላይ በቦታቸው ቅደም ተከተል ሰካኋቸው። ደረቁን ጓርኒሲዮን ስነቅል እንደ ብስኩት እየተሰበረ ወጣ። ጉድጓዱን አጽድቼ አዲሱን አስገባሁ፤ የታይሚንግ ሰንሰለቱ ሽፋን ከቴስታታው ጋር በሚገናኝባቸው ሁለት ቦታዎች ላይ ትንሽ ሲሊኮን ቀባሁ፤ ክዳኑን መልሼ ብሎኖቹን ሁሉ በጣቴ ካስገባሁ በኋላ ከመሐል ወደ ዳር፣ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እያቀያየርኩ በአጭር ቁልፍ ለስለስ አድርጌ አጠበቅኋቸው። እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር።

ነገር ግን የሥራ መመሪያውን አንብቤ ስለነበር የክዳኑ ብሎኖች 10 ኒውተን ሜትር (ኒውተን ሜትር የማጥበቂያ ጉልበት፣ የቶርክ መለኪያ ነው) መጥበቅ እንዳለባቸው አውቅ ነበር፤ ለዚህም ብዬ የአይሱዙ ሹፌር ከሆነ ወዳጄ ቶርክ ቁልፍ፣ ማለትም የተሞላለት ልክ ሲደርስ «ቀጭ» ብሎ የሚያሳውቅ ቁልፍ፣ ተውሼ ነበር። ቁልፉ ግማሽ ሜትር የሚጠጋ፣ የጎማ ዳዶ ለማጥበቅ የተሠራ ነው፤ መለኪያው ከ28 ኒውተን ሜትር ጀምሮ እስከ 210 ይሄዳል። ወደ 10 ላወርደው ብሞክር አልወርድ አለኝ። በዚህ ጊዜ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን በዚያን ሰዓት ትክክል የመሰለኝ፣ ዛሬ ሳስበው የሚያሳፍረኝ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ የቁልፉ ዝቅተኛ ልክ 28 ከሆነ ለትንሽ ብሎን የሚሆነው ይኸው ነው፣ «ቀጭ» ሲል አቆማለሁ አልኩ። የመጀመሪያው ብሎን ላይ ገጠምኩት። ቀጭታውን እየጠበቅኩ ሳብኩ፤ ጠነከረ፤ ደግሜ ሳብኩ፤ ከዚያ መጠንከሩ ቀረ። ቀጭታው አልመጣም። «አሁን ይመጣል» ብዬ በተስፋ ያዞርኳት ሩብ ዙር ያህል ናት የሥራዬን ሁሉ መልክ የለወጠችው።

ያን ሌሊት ሁለት ፍርሃቶች ተፈራረቁብኝ። አንደኛው፣ የቴስታታው አልሙኒየም ጥርስ (ብሎኑ የሚነክሰው ጠመዝማዛ መስመር) ተበልቶ ብሎኑ ከእንግዲህ የሚይዝበት ቦታ አጥቷል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ብሎኑ ተሰብሮ ግማሹ ውስጥ ቀርቷል፣ እኔ የማዞረው ጭንቅላቱን ብቻ ነው የሚለው ነው። ተኝቼ ከምገላበጥ ብዬ ወረቀት አንሥቼ ማስላት ጀመርኩ፤ ትምህርት ቤት ከተማርኩት ፊዚክስ ይህን ያህል የጠቀመኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ብሎን ስናጠብቀው የሚያደርገው ነገር እንደ ስፕሪንግ መለጠጥ ነው። ለዓይን በማይታይ መጠን ይረዝማል፤ ወደ ቦታው ለመመለስ በሚታገለው ጉልበቱም ሁለቱን አካላት ጨብጦ ይይዛል። እኛ ቁልፉ ላይ ከምናሳርፈው ጉልበት ግን ለመለጠጥ የሚውለው ጥቂቱ ነው፤ በተለምዶ ከመቶ 50 እጁ በብሎኑ ራስ ሥር፣ 40 እጁ ደግሞ በጥርሶቹ መካከል በሰበቃ ይጠፋል፤ ለሥራው የሚተርፈው 10 እጅ ያህል ነው። እንዲህም ሆኖ እንደ ክዳኑ ያለ ባለ 6 ሚሊሜትር ብሎን (6 የግንዱ ውፍረት፣ 10 ቁጥር የራሱ ስፋት ነው) በ10 ኒውተን ሜትር ሲጠብቅ የሚጨብጥበት ኃይል ከ800 ኪሎ በላይ ክብደት እንደ ማንጠልጠል ነው። ጥንካሬው 8.8 የሚባለው ዓይነት ብሎን በዚህ ውፍረቱ 1300 ኪሎ አካባቢ ሲደርስ ተለጥጦ አይመለስም፤ 1600 አካባቢ ሲደርስ ይበጠሳል። ቀጭታው ይሰማበታል ባልኩት 28 ኒውተን ሜትር ላይ ኃይሉ ከ2300 ኪሎ ያልፋል። በሌላ አነጋገር፣ ቀጭታው ከመምጣቱ በፊት ብሎኑ መሞቱ የማይቀር ነበር፤ እየጠበቅኩት የነበረው ሊመጣ የማይችል ድምፅ ነው። ስሌቱ ጥፋቴን አረጋገጠልኝ እንጂ የቱ ክፍል እንደ ተጎዳ አልነገረኝም።

እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጠብቄ ጎረቤታችንን አነጋገርኳቸው። በከባድ መኪና ጋራዥ ከ30 ዓመት በላይ የሠሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው፤ በሰፈሩ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ነጠላቸውን ሳያወልቁ ኮፈኑ ላይ ጎንበስ ብለው ብሎኑን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉትና ጠየቁኝ።

«ስታጠብቀው ምን ተሰማህ?»

«መጀመሪያ ጠንከር አለ ጋሼ፣ ከዚያ ላላ።»

«ቆይ፣ ላላ ነው ወይስ መጠንከሩን ነው የተወው? ሁለቱ አንድ አይደሉም።»

አላሰብኩበትም ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ የእጄን ስሜት ለማስታወስ ሞከርኩ፤ ቁልፉ ባዶ አልሆነብኝም፤ ክብደቱ እንዳለ ነበር፤ ብቻ አልጨመረም። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«እንግዲያው ጥርሱ ከተበላ ድንገት ባዶ ይሆንብህ ነበር፤ ዞሮ ዞሮ አይይዝም። መጠንከሩን ከተወ ግን ብሎኑ ራሱ ነው እየተሳበ ያለው። አውጣውና እንየው እንጂ ልጄ፣ ሌሊቱን ሙሉ ምን ስታደርግ አደርክ?»

ሳሰላ እንዳደርኩ አልነገርኳቸውም።

«ላላ ወይስ መጠንከሩን ተወ?» የሚለው ጥያቄ እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ አስቀድሜ የማቀርበው ነው። ብሎን ከልክ በላይ ሲጠብቅ እጅ ላይ የሚሰጠው ምልክት ሁለት ዓይነት ሲሆን፣ ሥራውም ወጪውም እንደ ምልክቱ ይለያያል። ብሎኑ ከተሳበ፣ ማለትም ተለጥጦ ከቀረ፣ የሚጣለው ብሎኑ ብቻ ነው። የአልሙኒየሙ ጥርስ ከተበላ ግን ቀዳዳው በመሰርሰሪያ ሰፍቶ አዲስ ጥርስ ይወጣለታል፤ ወይም ሄሊኮይል የሚባለው የጥቅል ሽቦ ጥርስ ገብቶለት የድሮው መጠን ብሎን መልሶ እንዲይዝ ይደረጋል፤ ይህን ደግሞ እጁ የረጋ የቶርኖ ባለሙያ ቢሠራው ይሻላል። ምንም ዓይነት መላላት ሳይሰማው፣ እስከ መጨረሻው ጠንክሮ የቆመለትና «ትንሽ አበዛሁት መሰለኝ» ብሎ ብቻ የሚጨነቅ ሰው ደግሞ በአብዛኛው ምንም አልጎዳም፤ ብሎኑን ፈትቶ፣ አይቶ፣ በትክክለኛው ልክ መልሶ ቢያጠብቀው ይበቃዋል።

ብሎኑን በአጭሩ ቁልፍ ፈታነው። እንደ ፈራሁት ግማሹ አልቀረም፤ ሙሉውን ወጣ። ጋሼ በመጀመሪያ የተመለከቱት ጥርሶቹ መካከል ነው፤ አልሙኒየሙ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ እንደ ብርማ ክር ያለ ጭረት በጥርሶቹ ላይ ተጠምጥሞ ይወጣ ነበር። አልነበረም። ቀጥለው ከክዳኑ ላይ ጤነኛ ወንድሙን አስፈትተው ሁለቱን ብሎኖች ጎን ለጎን፣ ጥርስ በጥርስ ላይ አጋጥመው ወደ ፀሐይ ያዟቸው። ጫፍ አካባቢ ያሉት ጥርሶች እንደ ሁለት ማበጠሪያ ገጠሙ፤ ወደ ራሱ ሲጠጋ ግን ጥርሶቹ ቀስ በቀስ ከመስመር እየወጡ በመካከላቸው ብርሃን አስገቡ። ይህ ብሎን በአንድ ዙር የሚሄደው 1 ሚሊሜትር ነው፤ እኔ በተስፋ ያዞርኳት ሩብ ዙር ሩብ ሚሊሜትር ትሆናለች፤ ያቺው ሩብ ሚሊሜትር ናት በብርሃኑ ውስጥ የታየችው። በመጨረሻም አንድ ዳዶ አምጥተው በጣታቸው አዞሩበት፤ ዳዶው ግማሽ መንገድ በነፃነት ሄዶ የተለጠጠው ቦታ ሲደርስ ተነክሶ ቆመ። «ይኸው» አሉኝ፤ «ይህ ብሎን ከእንግዲህ አይመለስም፤ ጣለው።»

የቀረው የቀዳዳው ጉዳይ ነበር። ጤነኛውን ብሎን በጣቴ ብቻ፣ ያለ ቁልፍ፣ እንዳስገባው አዘዙኝ፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ያለ መንገጫገጭ ገባ። በጣት የሚገባ ብሎን ጥርሱ ደህና ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዙሮች ቁልፍ የሚጠይቅ ብሎን ግን ወይ ጠምሞ ገብቷል፣ ወይ ቆሻሻ አለበት፣ ወይ ተጎድቷል፤ ኃይል መጨመር የለበትም፤ ወጥቶ መታየት አለበት።

ምትክ ብሎን ፍለጋ ሰኞ ዕለት ወደ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ከመሄዴ በፊት ጋሼ አንድ ነገር አሠሩኝ፤ የክብሪት እንጨት ወደ ቀዳዳው አስገብቼ መሬቱን እስኪነካ ድረስ ሰደድኩና በአፉ በኩል በጥፍሬ ምልክት አደረግሁበት። ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ እንደዚህ ያለው ቀዳዳ ወደ ማዶ የሚያልፍ ሳይሆን ታች የተዘጋ ነው። ከልኩ የረዘመ ብሎን ከገባበት ራሱ ክዳኑን ሳይጨብጥ ጫፉ ከታች ይደገፋል፤ እጃችን «ጠበቀ» ይላል፣ ክዳኑ ግን ልል ነው፤ ዘይት ሲፈስ ስናይ ደግሞ ይበልጥ እናጠብቃለን፤ ያን ጊዜ ጥርሱ በእርግጥ ይበላል። ያጠረ ብሎን ደግሞ ጥቂት ጥርሶችን ብቻ ስለሚይዝ ኃይሉ ሁሉ በእነዚያ ላይ ያርፍና ይቆርጣቸዋል። በተዘጋ ቀዳዳ ውስጥ ዘይት ወይም ውሃ ተጠራቅሞ ከተተወም ብሎኑ ሲገባ ፈሳሹ መውጫ አጥቶ ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ስለዚህ በጨርቅና በካቻቢቴ ጫፍ ማድረቅ ያስፈልጋል። ነጋዴው አንድ ጣሳ ሙሉ አሮጌ ብሎን ሲዘረግፍልኝ የድሮውን በአንድ እጄ፣ የክብሪት እንጨቱን በሌላ እጄ ይዤ ጥርስ በጥርስ እያጋጠምኩ መረጥኩ። ሦስተኛው ላይ ገጠመልኝ። «ለአንዲት ብሎን ይህን ያህል?» አለኝ። እኔም ምን እንደ ደረሰብኝ ብነግረው ጊዜ አይበቃንም ብዬ ከፍዬ ወጣሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ማለትም ስሕተቱ ለምን እንደ ተፈጠረ ልመለስ። ለረጅም ጊዜ በእጄ እተማመን ነበር፤ አጭሩን ቁልፍ ይዤ ስሠራ አንድም ብሎን አበላሽቼ አላውቅም። እጅ የሚለካው ግን ክብደትን እንጂ ቶርክን አይደለም፤ ቶርክ ክብደቱ በቁልፉ ርዝመት ሲባዛ የሚገኝ ነው። 12 ሴንቲሜትር በሆነ ባለ 10 ቁጥር ቁልፍ 10 ኒውተን ሜትር ለማድረስ 8 ኪሎ ተኩል ያህል መጫን ያስፈልጋል፤ ይህም ለእጅ «በቂ ነው» የሚያሰኝ ደህና ክብደት ነው። ግማሽ ሜትር በሚጠጋው የጎማ ቁልፍ ግን ለዚያው ልክ 2 ኪሎ ብዙም ሳይጨመርበት ይበቃል። ያው የለመደ እጅ ያንኑ 8 ኪሎ ተኩል በረጅሙ ቁልፍ ላይ ቢያሳርፍ ብሎኑ ላይ የሚደርሰው አራት እጥፍ ይሆናል። እጄ አልዋሸኝም፤ መሣሪያውን ቀይሬ እጄን እንደ ድሮው ማመኔ ነው የጎዳኝ። ለዚህም ነው የቁልፍ ፋብሪካዎች ባለ 10 ቁጥሩን አጭር፣ ባለ 24 ቁጥሩን ረጅም አድርገው የሚሠሩት።

ቶርክ ቁልፉም ቢሆን በራሱ ክልል ውስጥ ብቻ ነው የሚታመነው። ቀጭ የሚለው ዓይነት ትክክለኛነቱ የሚረጋገጠው ከከፍተኛው ልኩ ከመቶ 20 እጅ ጀምሮ ወደ ላይ ነው፤ ባለ 210 ከሆነ ከ42 በታች ያለውን ባንተማመንበት ይመረጣል። ለትናንሽ የሞተር ብሎኖች ከ5 እስከ 25 ኒውተን ሜትር የሚለካ ትንሽ ቁልፍ ያስፈልጋል። በተጨማሪም መለኪያው በየትኛው አሃድ እንደ ተጻፈ ሳያጣሩ አንድም ብሎን መንካት አይገባም፤ በመመሪያዎች ላይ አንዱ ልክ በሦስት ዓይነት ይጻፋል። 10 ኒውተን ሜትር ማለት 102 ኪሎግራም ሴንቲሜትር፣ ወይም 7 ፉት ፓውንድ ብዙም ሳይበልጥ ማለት ነው። የፉት ፓውንድ መስመር ላይ 10 ያነበበ ሰው ከልኩ ከሦስት እጅ አንድ እጅ የሚበልጥ ጨምሯል፤ በባለ 6 ሚሊሜትር ብሎን ላይ ይህ ቀላል አይደለም።

ትንሹን ቁልፍ ለመግዛት ገንዘብ እስካጠራቅም ድረስ የተጠቀምኩበትን ዘዴ ልንገራችሁ። 5 ሊትር የምግብ ዘይት ጀሪካን ውሃ ሲሞላ 5 ኪሎ ከጥቂት ግራም ይመዝናል። ቡሶላውን (የብሎኑን ራስ የሚያቅፈውን ጎድጓዳ ቁልፍ) ብሎኑ ላይ ገጥሜ፣ ማዞሪያውን አግድም ልክ እንደ ሚዛን ክንድ አስተካክዬ፣ ከብሎኑ መሐል 20 ሴንቲሜትር ርቆ በሚገኝ ነጥብ ላይ ጀሪካኑን በገመድ ባንጠለጥለው ብሎኑ ላይ የሚደርሰው 10 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ይህ በሞተሩ ላይ በቀጥታ የሚሠራ አይደለም፤ የክዳኑ ብሎኖች ቁልቁል ስለሚገቡ ጀሪካን አይንጠለጠልባቸውም። እኔ ያደረግሁት፣ በሞርሳ (ጠረጴዛ ላይ በሚታሰር የብረት መንጋጋ) የተያዘ ብረት ላይ ብሎን በአግድም አስሬ፣ ጀሪካኑን እያንጠለጠልኩና እያወረድኩ፣ ያንኑ ክብደት በእጄ እየደገምኩ፣ 10 ኒውተን ሜትር በዚያ ቁልፍ ምን እንደሚመስል እጄን ማስተማር ነው። ሃያ ጊዜ ያህል ደጋገምኩት። የሚገርመው፣ ከጀሪካኑ በፊት «ለስለስ ያለ» እያልኩ አጠብቅ የነበረው ከልኩ በላይ ሆኖ መገኘቱ ነው።

በዚህ በሠለጠነ እጅ፣ ቡሶላ ማዞሪያውንም ከአንገቱ ጠጋ ብዬ በመያዝ፣ የክዳኑን ብሎኖች ሁሉ መጀመሪያ አላልቼ እንደገና ከመሐል ወደ ዳር አጠበቅኋቸው። ክዳኑ በብዙ ሞተሮች ላይ ከቴስታታው ጋር ብረት በብረት ተገናኝቶ የሚቆም ነው፤ ጎማው የሚጨመቀው በጉድጓዱ ጥልቀት ልክ ነው፤ ስለዚህ ብሎኑን ከልኩ በላይ ማጥበቅ ጎማውን ይበልጥ አይጨምቀውም፤ የሚያተርፈው ነገር የለውም። ዘይት ቢያፈስ እንኳ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ የተጠማዘዘ ጓርኒሲዮን፣ ያልጸዳ ጉድጓድ ወይም የተረሳ ሲሊኮን። እኔ በበኩሌ «ካፈሰሰ ጨምርበት» የሚለውን ምክር የሰጠ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ የቴስታታ ጥርስ በራሱ ኪስ ቢያስወጣ ደስ ይለኛል።

ታሪኬ ግን እዚህ አላለቀም፤ ፍርሃቱ በሌላ በኩል ዞሮ መጣብኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የሞተር ዘይት ስቀይር የማፍሰሻውን ብሎን ያጠበቅሁት እንደ እንቁላል እየተጠነቀቅሁ ነው። የዚህ ሞተር የማፍሰሻ ብሎን ባለ 14 ቁጥር ራስ ሲሆን ልኩ ወደ 38 ኒውተን ሜትር ነው፤ ከክዳኑ ብሎን አራት እጥፍ ማለት ነው። እኔ ግን የተሳበው ብሎን ዓይኔ ላይ ስለነበር ገና መጥበቅ ሲጀምር ተውኩት። በማግሥቱ ቢሾፍቱ ደርሼ መኪናዋን ባቆምኩበት ሥር፣ ስመለስ፣ የሳንቲም ስፋት ያላቸው አምስት ስድስት ጠብታዎች አገኘሁ። ተንበርክኬ ስነካው ብሎኑ በጣቴ ዞረልኝ። ሌላ 50 ኪሎ ሜትር ብነዳ ኖሮ ዘይቱ ሁሉ መንገድ ላይ ሊቀር፣ ሞተሩም ያለ ዘይት ሊነክስ ይችል ነበር። የተሳበ ብሎን የጥቂት ብር ጉዳት ነው፤ ያልጠበቀ የማፍሰሻ ብሎን ግን ሞተር ያስቀይራል። እዚያው በጥበቃው ሠራተኛ ቁልፍ አጥብቄ፣ የዘይቱን መጠን አይቼ ተመለስኩ። ቤት ስደርስ ለዚህኛውም ልክ እጄን አስተማርኩት፤ ሁለት ጀሪካን፣ ማለትም 10 ኪሎ፣ ከብሎኑ መሐል በ40 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ 39 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ለማፍሰሻው ብሎን አዲስ ሮንዴላ (ከብሎኑ ራስ ሥር የሚገባ ቀለበት) መጠቀምም ግዴታ ነው ማለት ይቻላል፤ ዘይቱን የሚያግደው ብሎኑ ሳይሆን በሥሩ የሚደፈጠጠው ሮንዴላ ስለሆነ፣ አሮጌውን ደግሞ የሚያስገባ ሰው ጠብታውን ለማቆም ከልክ በላይ ወደ ማጥበቅ ይገፋል።

ስለ ካንዴላ በአጭሩ ልጨምር፤ ቴስታታው እንደ ጋለ ካንዴላ መፍታትም ማጥበቅም አይገባም፤ አልሙኒየም በሙቀት የሚሰፋው ከብረት በእጥፍ ገደማ ስለሆነ፣ ጥርሱም በጋለበት ሰዓት ደካማ ስለሆነ፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነው። አዲስና ባለ ሮንዴላ ካንዴላ በጣት እስኪቆም ከገባ በኋላ በቁልፍ ከግማሽ ዙር እስከ ሁለት ሦስተኛ ዙር ይበቃዋል፤ በዚያ ዙር ውስጥ እጃችን የሚሰማው ልስላሴ የሮንዴላው መደፍጠጥ ነውና አያስደንግጥ። ጥርሱን ዘይት ወይም ቅባት መቀባትም ቢሆን ሰበቃውን ስለሚቀንስ በዚያው የቁልፍ ልክ ብሎኑን ይበልጥ ይለጥጠዋል፤ መመሪያው ቀቡት ካላለ በስተቀር ደረቅና ንጹሕ መሆን አለበት። ከዚህ ሁሉ የሚለዩት የቴስታታው ትላልቅ ብሎኖች ናቸው፤ እነርሱ በብዙ ሞተሮች ላይ ሆን ተብለው እስኪሳቡ ድረስ በዲግሪ ተቆጥሮ የሚጠብቁ ስለሆኑ፣ መጠንከራቸውን ሲተዉ የሚሰማውን ሰው ያስጨንቁታል፤ እኔ ግን እነርሱን ገና አልነካሁም።

ሥራውን ከጨረስኩ በኋላም ቢሆን ጭንቀቱ ወዲያው አልለቀቀኝም። በየማለዳው ኮፈኑን ከፍቼ ቁልፍ ይዤ «ትንሽ ብቻ ልፈትሸው» እል ነበር፤ ፍተሻው ደግሞ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማጥበቅ መሆኑን ጋሼ አይተው ከለከሉኝ። «በቁልፍ አትጠይቀው፣ በዓይንህ ጠይቀው» አሉኝ፤ ከባለቤቴ ቀይ የጥፍር ቀለም አስመጥተውም ከእያንዳንዱ ብሎን ራስ ወደ ክዳኑ የሚሻገር ቀጭን መስመር አሠመሩብኝ። ብሎኑ በራሱ ከዞረ መስመሩ ይሰበራል። አሁን ከ4000 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቻለሁ፤ የክዳኑ ዙሪያ ደረቅ ነው፤ ከሶማሌ ተራ የመጣችው ብሎን ላይ ያለው መስመርም ከነሌሎቹ ቀጥ እንዳለ ነው። ባለቤቴ ግን ቀለሙን እስክተካላት እየጠበቀች ነው።